የባለሪዙ ከንፈርና የእኔ ዓይን

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለምወድህም ለተቀየምኩህም፣

እንዴት ሰነበትክ? እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ መንቀጥቀጡን ተወ? ባለቤትህ እንዴት ናት? የጀርባዋ ሕመም ለቀቃት ወይስ አሁንም ትራስ ተደግፋ ነው የምትቀመጠው? ልጆችህ፣ የልጆችህ ልጆች፣ ያ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ካርታ የሚያጫውትህ ጎረቤትህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ስለ ጆሮዬ አትጠይቀኝ ብለህ ነበር። እጠይቅሃለሁ፣ ታላቅህ ነኝ። ጆሮህ እንዴት ነው?

እኛ ዘንድ ልጄ ደህና ነው። ምራቴ ደህና ናት። የልጅ ልጆቼ ሶፋውን ገልብጠው መርከብ አድርገውታል፤ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ይወስዱኛል። ቀኝ ዓይኔ ሞቷል። ግራውን ሊከፍቱት ነው፤ ወይ ይበራል፣ ወይ እሱም ወንድሙን ይከተላል። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ነገሩ ያለቀለት ነው። ስለዚህ በርታ፣ ጠንክር፣ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ እያልክ አትድከም። ልጄ መኪና ሊያመጣ ወጥቷል። እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ለአንተ ሰጥቼሃለሁ።

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። ሳንጀምር ተስማምተናል። ያልኩትን ትጽፋለች፣ አታሳምርም፣ አታለሰልስም፤ ስለ እሷ የምናገረውንም ጭምር። ስንጨርስ ታነብልኛለች። አንድ ቃል ብትለውጥ አውቅባታለሁ፤ ፊደል ባልቆጥርም የገዛ አፌን አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርከው አንተ ነህ። አባታችን አንተን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ፀጉር ቤት አደረገህ፤ እኔን ጠዋትም ከሰዓትም ከወንበሩ ኋላ አቆመኝ። አልቆጨኝም። እኔ በምላጭ የማውቀውን አንተ በብዕር አላወቅከውም።

ወደ ተቀየምኩበት ልምጣ። ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ልጄ ከጀርባዬ ጽፎልህ ኖሯል፤ አባዬ አይቶ አይለይም፣ አንተ ብትለው ይሰማል ብሎህ። አንተም ቸኩለህ ምላጩን አስቀምጥ፣ ቤቱን ዝጋ፣ ሐኪም ያለህን አድርግ ብለህ ላክህ። ለታላቅህ። ምራቴ እስከ መሃሉ እንዳነበበችልኝ ንዴቴ መጣና ጥዬያት ወጣሁ። በሩን ስቼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ። እሱንም ጻፊው ብያታለሁ፤ እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

ለመሆኑ አንተ ማን ሆነህ ነው የምታዘኝ? ጆሮህ መዘጋቱን እስከ መቼ ደበቅከኝ? በስልክ ጉልበትህ እንዴት ነው ስልህ፣ አዎ ትናንት ጥሩ ዘነበ ትለኝ ነበር። ልጆቹስ ስልህ፣ በሚቀጥለው ወር እቀይረዋለሁ ትለኝ ነበር። እኔ እዚህ ወንድሜ ጭንቅላቱን ሳተ፣ እርጅናው ቀድሞኝ እሱ ዘንድ ደረሰ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። በመጨረሻ ሚስትህ ናት ስልኩን ተቀብላ፣ ጋሼ፣ አይሰማም እኮ፣ ከእንግዲህ ይጻፉለት ያለችኝ። አንተ አልነገርከኝም። በመደበቅ እኩያ ነን፤ ስለዚህ ከላይ ሆነህ አትቆጣኝ።

የተናደድኩት ግን ትዕዛዙ ከአንተ ስለመጣ ነው። ልጄ ቢለኝ ምን ያውቃል እላለሁ። እሱ የመኪና መሪ እንጂ ምላጭ ይዞ አያውቅም። አንተ ግን የአባታችንን ቅልጥም ታውቃለህ። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቅልጥሙ ላይ ሳሙና ቀብቶ ላጩ ይለን የነበረውን። ጉንጭ ሥጋ አለው፣ ስትሳሳቱ ይታገሣችኋል፤ አጥንት አይታገሥም ይል ነበር። ዓይናችሁን ጨፍኑ ይለናል። ምላጩ ከፀጉር ጋር ሲገናኝ የሚያወጣውን ድምፅ ስሙ ይለናል። አንተ ጆሮህ ይበልጥ ነበር፣ እኔ እጄ። አንተ ሳቅ እያመለጠህ ትቆርጠው ነበር፤ እኔም አልፎ አልፎ። አባታችን በሐሩሩም ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ የሚሄደው እኛ ያረስነውን እግር ሰው እንዳያይበት ነበር።

የኳሱንስ ቀን ታስታውሳለህ? ሬዲዮኑ ከመስታወቱ በላይ፣ አንተ በአንደኛው ወንበር እኔ በሌላው፣ ቡድናችን ለየብቻ። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ማድረግ ሲጀምር አባታችን ከኋላ ሆኖ፣ ምላጭ ከፊት ይነሳ ይል ነበር። ሁለታችንም ምላጫችንን ወደ ላይ። ደንበኞቹ በሳሙና ተሸፍነው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ኳሱ ገባ አልገባ ተብሎ ሲለይ ነው እንደገና የምንወርደው። የአንተ ቡድን ሲያገባ የሰውን አንገት ትተህ ትጨፍር ነበር፤ የእኔ ሲያገባ እኔ አልጨፍርም፣ ሳሙናዬን አማስላለሁ፣ አንተን የሚያቃጥልህ እሱ ነበር። አሁንም እሰማለሁ። ቡድንህ ዘንድሮ እግሩን ሰብሯል፤ የምትከታተል ከሆነ ታውቀዋለህ። ብቻዬን ስሰማ ግን እንደ ድሮው አይጥመኝም። የሚናደድልኝ የለም።

ሌላውን የአባታችንን ሕግ ደግሞ ማንሳት አለብኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። የዘወትር ደንበኛ አይጠየቅም። ምን ላድርግልህ የሚባለው መንገደኛ ነው። የራሳችን ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኛ እናውቅለታለን። ማንን ከጆሮው በላይ ማሳጠር እንዳለብን፣ የማን ማጅራት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የማን አገጭ እንደሚያሳክከው፣ ሁሉንም። ሰውየው ተኝቶ ራሱን ሆኖ ይነሳል። ከዚህ ሕግ ወጥቼ አላውቅም፤ ደግሞም ኮርቼበታለሁ። መንገዱን ተሻግረው ያሉት ልጆች ግድግዳው ላይ የሃያ ራስ ፎቶ ሰቅለው የትኛውን ልሥራልህ ይላሉ። እኔ ምንም አልሰቀልኩም።

ዓይኔ መጥፋት ሲጀምር መስታወቱ ቆሽሾ መሰለኝ። በጋዜጣ ወለወልኩት። ከዚያ የፍል ውኃው እንፋሎት ነው አልኩና መስኮት ከፈትኩ። ከዚያ አምፖሉ ነው ብዬ ትልቅ አምፖል አስገባሁ፤ ደንበኞቹ ዓይናቸውን እያሹ ምነው ፀሐይ አስገባህብን እስኪሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ሥራ አላቆምኩም። ባለመድኃኒት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ጫማውን ይጠርጋል። ጡረተኛው መምህር ጋዜጣውን ሲገልጥ ጣቱን ይልሳል። ልብስ ሰፊው አዲስ ጨርቅና የካውያ እንፋሎት ይሸታል። ብረት በያጁ፣ እኛ ባለሪዙ የምንለው፣ የተቃጠለ ብረት ይሸታል፣ ሲቀመጥም ይተነፍሳል። ሁሉንም በዚህ አውቃቸዋለሁ። ፊት ላይ ደግሞ የግራ ጣቴ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምላጩ ይከተላል። አንድም ሰው አልቆረጥኩም። ይኼን አስምሪበት ብያታለሁ።

ባለሪዙን ታውቀዋለህ፤ አንተ ስትሄድ ገና ጎረምሳ ነበር፣ ያኔም ሪዙ ከእሱ ቀድሞ ነበር የሚገባው። ሌላ ሰው አስነክቶት አያውቅም። ጫፉን በመቀስ፣ ሥሩን በምላጭ፣ እኔ ነበርኩ የምጠብቅለት።

ያን ቀን አንድ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። እንደ ደንባችን እጁን አንስቶ ሰላም አለ እንጂ አልተናገረም፤ ለካ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ነበር። አዲስ ጨርቅ ሸተተኝ። የካውያ እንፋሎት ሸተተኝ። ልብስ ሰፊው ነው አልኩ። ልብስ ሰፊው ደግሞ የታመመች እህቱን ሊያስታምም ሄዶ ሰንብቶ ነበር፤ ተመለሰ አልኩ። ጣቴን ስሰድ ከንፈሩ ላይ ፀጉር አገኘሁ። ልብስ ሰፊው ፊቱን እንደ እንቁላል ነው የሚያስላጨው። ምስኪን፣ ሆስፒታል በር ላይ እየዋለ እያደረ ራሱን ጣለ፣ ላጽዳው አልኩ። ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያበቃ ነበር። እኔ ግን የራሴን ደንበኛ አልጠይቅም።

ሳሙናውን ቀባሁ፣ ምላጩን አወረድኩ። ወንድሜ፣ ያን ድምፅ አንተ ብትሆን ትሰማው ነበር። የሰነበተ ጢም እንደዚያ አይልም። ዘመን ያስቆጠረ ወፍራም ፀጉር ነው እንደዚያ የሚለው። እጄ አውቋል። እኔ አላመንኩትም። ከኋላዬ የመምህሩ ጋዜጣ መገለባበጡን አቆመ። ግማሹ ወርዷል። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ልብ ብዬ ነበር፣ ግን ግማሽ ከንፈር ላጭቶ የሚያቆም ሰው የለም፤ ቀጠልኩ፣ ጨረስኩ፣ በፎጣ አበስኩት። ያኔ ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። አልጮኸም። በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ ማነው ይሄ ሰውዬ አለ፣ መስታወቱን እያየ። ማን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አዲሱን ሙሉ ልብስ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ለብሶት ወጥቶ በቀጥታ እኔ ዘንድ መምጣቱ ነበር። ለምን እንደለበሰው ልንገርህ፤ በማግስቱ ልጁን ሊድር ነው።

ሰርጉ ላይ ሙሽራዋ አባቷን ስታይ አለቀሰች አሉ፤ ከንፈሩን አይታው አታውቅማ። የሙሽራው ዘመዶች አባትየው የታሉ እያሉ ራሱን ሰውየውን ይጠይቁት ነበር አሉ። ፎቶው ላይ ሁሉ አፉን በመሐረብ ይዟል። ሰፈሩ ሲስቅ ሰነበተ፤ ልጅቷን አጎቷ ነው የዳራት ይላሉ። የእኔ ነገር ግን አላሳቀም። ባለሪዙ መጥቶ አልሰደበኝም፣ ለማንም አላማኝም። ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር። ዝም ማለቱ ነው የገደለኝ። ሌሎቹ ሰላምታቸውን ከመንገድ ማዶ ሆነው መስጠት ጀመሩ። መምህሩ ብቻ ይመጣል፣ ጋዜጣ ለማንበብ፤ ፂሙን አሳድጓል።

ልጄ ምላጮቼን ሰብስቦ ወስዶ ደበቀ፣ እንደ ሕፃን። መቀሱን ተወልኝ። ምራቴ ደግሞ ምን እንዳደረገችኝ ስማ፤ እሷም ትጻፈው። ምሳ ሰዓት ላይ ድስቱን አጠገቤ አድርጋ ከድናዋለች፣ ሽታው ያውደኛል፣ ሳህን አቀረበችልኝ። ማንኪያዬን አንስቼ አወረድኩ። ባዶ ሳህን ነው። ማንኪያው ቂር ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ። ለሽማግሌ ባዶ ሳህን ማቅረብ ነውር ነው አልኳት። እሷ እያለቀሰች፣ እውነትዎን ነው ነውር ነው፣ ግን አሁን አያለሁ አይበሉኝ አለችኝ። አሁን ብዕሯን አቁማለች። ጻፊ። አልተቀየምኩሽም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ደፋሯ አንቺ ነሽ፤ ይኼንንም ጻፊው።

ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሟ በድምጿ ልጅ እግር ናት። ግን አገጬን ስትይዘኝ እጇ የሥራ እጅ እንደሆነ አወቅኩ፤ እኔ ሰው እንደምይዘው ነው የያዘችኝ። አልደበቀችኝም። የቀኙ ሥሩ ደርቋል፣ አይመለስም አለችኝ። የግራው ሞራ ነው፣ ወፍሮ ደድሯል፣ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ቀላል ነበር አለችኝ። ይወጣል፣ ግን ዓይኑ ደክሟል፣ ቃል አልገባልዎትም፤ ቢተዉት ደግሞ ቀስ እያለ ይጨልማል አለችኝ። እንግዲህ ምርጫዬ ይኼ ነው። ብተወው ቀስ ብዬ እጨልማለሁ፣ ባስነካው ምናልባት አበራለሁ፣ ምናልባት በአንድ ጠዋት ድርግም።

ተነስቼ ወጣሁ። አትፍረድብኝ። አሁንም እኮ ትንሽ አለኝ። መስኮቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆቹ በፊቴ ሲሮጡ ጥላቸው ያልፋል፣ ትንሹን ከትልቁ እለያለሁ። ምራቴ ቀይ ሹራቧን ስትለብስ ቀዩ ይታየኛል። ይኼንን ጭላንጭል ይዤ ሰው እጅ ላይ ምናልባት ተብሎ አልሰጥም አልኩ። ልጄ መኪናው ውስጥ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም። አባዬ፣ ፈርተህ ነው፣ ኩራት አታስመስለው አለኝ። አውርደኝ አልኩት። መንገድ መሃል አቁሞ አወረደኝ፤ እሱም ወርዶ ክንዴን ሊይዝ ሲል እጁን መታሁት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መንገድ ላይ ስንተናነቅ አላፊ አግዳሚው ቆመ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አንነጋገርም። አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን፣ ጨው አቀብለኝ የሚለኝ በሚስቱ በኩል ነው።

እኔም በየቀኑ ፀጉር ቤቱን እየከፈትኩ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ፎጣ አጥባለሁ፣ ብሩሽ አሰጣለሁ። ልጄ ዝጋው ካለኝ ልዝጋው አልልም፤ አንተ ዝጋው ካልከኝ ደግሞ ጭራሽ። ደብዳቤህ የመጣው በዚያ መሃል ነው፣ ስለዚህ እንዴት እንደተቀበልኩት ይግባህ።

ባለፈው ሳምንት የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ገባ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነፈሰ። ባለሪዙ ነው። ሳልናገር ፎጣውን አንገቱ ላይ አደረግኩ። ጣቴን ወደ ከንፈሩ ሰደድኩ። አብቅሏል፣ ግን እንደ ብሩሽ ቆሞ፣ አቅጣጫ የለውም። መቀሱን አነሳሁ። ወንድሜ፣ መቀሱ ከንፈሩ ጋ ደርሶ በባዶ ተንጫጫ፣ እሱም ሰማው፤ ግን ራሱን አላነሳም፣ እንደ በግ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ከአፌ ምን ወጣ መሰለህ? ምን ላድርግልህ አልኩት።

ተነስቶ ተቀመጠ። አንተም ልትጠይቀኝ ነው አለኝ። ማዶ ያሉት ልጆች ዘንድ ሄጄ ነበር፣ የትኛውን ልሥራልህ ብለው ፎቶ አሳዩኝ፣ ስለ ገዛ ፊቴ ለሰው ማስረዳት አልችልበትም ብዬ ወጣሁ አለኝ። አላይም እኮ አልኩት። አፌ አላይም ሲል ያኔ የመጀመሪያው ነው። አውቃለሁ አለኝ፣ ያላወቅክ አንተ ብቻ ነበርክ። ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ አልኩት። የሰርጉ ፎቶ እኮ ተነስቷል፣ ከእንግዲህ ምን ታመጣብኛለህ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዲሠራኝ ነው የመጣሁት አለኝ። የምትጠይቀኝ ከሆነ ግን አልፈልግም፤ ዓይንህን አስነካ፣ እስከዚያ አላስቆርጠውም፣ አፌ ውስጥ ቢገባም ይግባ፣ ሚስቴ ካሁኑ መጥረጊያ እያለችኝ ነው አለኝ። ባይድንስ አልኩት። ባይድን ያኔ ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ አሁን ግን ዝም ብለህ ተቀምጠህ ምንድነው የምትጠብቀው አለኝ። ፎጣውን ራሱ አውልቆ አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ሄደ።

ብዙ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ ሰው ሪዙን መያዣ አድርጎ ሲያስገድድህ ምን ትላለህ? በኋላ ፀጉር ቤቱን ቆልፌ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ልጄ ሶፋው ላይ ነበር። በሚስቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ ውሰደኝ አልኩት። ተነስቶ ካፖርቴን ይዞ መጣ። ዛሬ አይደለም ቀጠሮ ያስፈልጋል አልኩት። አውቃለሁ አለኝ፣ ካፖርቱን ግን ሲያለብሰኝ አልከለከልኩትም።

ስለዚህ አንተ ስላዘዝከኝ አይደለም የምሄደው። ይኼ ይመዝገብልኝ።

አሁን ደግሞ በአንድ ነገር ተጣልተናል። ፋሻው ሲነሳ ማን ፊት ለፊቴ ይቁም? ልጄ እኔ ነኝ ይላል፣ ልጆቹ እኛ ነን ይላሉ፣ ምራቴ ቀዩን ሹራብ አጥባ አዘጋጅታለች። ማንም ይቁም አልኩ፤ ብቻ ይታይሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር። ሐኪሟም ብትሆን። ካየሁ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ካላየሁ ዝም እላለሁ፣ ያኔ ይገባቸዋል፣ ያኔ ይተዉኝ።

የባሰው ከመጣ ምን እንደማደርግ አስቤበታለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ቤቱ አይዘጋም። አንተ ትመጣለህ። ጉልበትህን ይዘህ ትመጣለህ። አንተ ትላጫለህ፣ እኔ አወራለሁ። ደንበኛ ቢሰድብህ አትሰማም፣ ቢያኮርፍ አላይም፤ ከእኛ የተሻለ ፀጉር ቤት የት ይገኛል? ማዶ ያሉት ልጆች ይዘጋሉ። ኳሱን እኔ ሰምቼ ትከሻህን እመታለሁ፣ አንተ ምላጭህን ታነሳለህ። ቀልድ እንዳይመስልህ። ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ መሰለኝ፣ ብዕሩ ቆሟል። ቀልድ አይደለም፣ ጻፊ።

መኪናው መጣ፣ ጥሩምባውን እየሰማሁት ነው። ልጄ ትዕግሥት የለውም፣ ከእናቱ ወገን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ እሄዳለሁ። ልጄ ፈርተህ ነው ብሎኝ እጁን መታሁት አልኩህ። ልክ ነው፤ ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። ለእሱ መናገር አልቻልኩም፣ ልጄ ነዋ። ለባለሪዙም አልተናገርኩም። አንተ ታናሼ ነህ፤ ሳሙና የቀባንበትን የአባታችንን እግር አብረን አይተናል። ለዚህ ነው እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ለአንተ የሰጠሁት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ጋሼ ያለችኝ አፏ ይባረክ፣ ጀርባዋም ታሽቶ ሙቅ ነገር ይደረግበት። ትልቋን ልጅህን ሰላም በላት፣ ባለፈው የላከችው መነጽር ስላልረዳኝ ምራቴ እያደረገችው ነው። ለልጅህ፣ ሥራ ለቅቄያለሁ ብሎ መጻፉን ሰምቻለሁ፣ አጎትህ ተቆጥቷል በለው፣ ሌላ ካገኘ ግን አልተቆጣም በለው። ያን ድምቡሼ የልጅ ልጅህን ጉንጩን ንከስልኝ። ካርታ የሚያጫውትህን ጎረቤትህን አታታልለው፣ አውቅሃለሁ። ለአንተም፣ ወንድምዓለም፣ ጤናውን ይስጥህ። መልስህን ላክ፣ ቃል ሳትመርጥ፣ ምንም ብትሰማ ላክ። ያነብልኛል ብለህ የምታስበው ማንም ይሁን፣ እኔ ነኝ የምሰማው።

ተነስቻለሁ። ምራቴ ቆማ እየጻፈች ነው፣ ፊደሉ ቢጣመም የእሷ ጥፋት አይደለም።

ታላቅህ

ከቤታችን በረንዳ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 12 ቀን